ምንም፣ የሥራ ነገር ነው

መምህሩ ለሦስተኛውም ጥያቄ «አዎ» ብሎ መለሰ።

ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው የካርድ ክፍል ሠራተኛ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችው። ግራ ጉንጩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ሦስት ቀን ሲወጋው የከረመው መንጋጋ ጥርስ ዛሬ ጠዋት ጭራሽ እስከ ጆሮው ዘልቆ ይነዘንዘው ጀምሯል። በዚህ አገር ቋንቋ የሚያውቃቸው ቃላት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «አዎ»፣ «አይ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ይቅርታ» እና «ደህና አደሩ»። ከአምስቱ ውስጥ ሰው የማያስቀይመው «አዎ» ነው ብሎ ያምናል።

አራተኛው ጥያቄ ሲመጣ ግን ሴትዮዋ ከ«አዎ» የበለጠ ነገር እንደምትጠብቅ ከቅንድቧ ገባው። ስልኩን አውጥቶ የሚተረጉመውን መተግበሪያ ከፈተና በመስታወቱ ቀዳዳ አስጠጋላት። ተናገረችበት። ስልኩ ትንሽ አሰበና በአማርኛ «ወተት ነው?» ብሎ ጻፈ።

መምህሩ ጥያቄውን ወደደው። ጠዋት ማኘክ ቢያቅተው አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ወተት ጠጥቶ ነበር የወጣው። ሐኪም ቤት ደግሞ ምን በላህ ምን ጠጣህ ብሎ መጠየቅ ያለ ነው። በሙሉ ልቡ «አዎ» አለ። የሴትዮዋ ፊት ፈካ፤ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጠችውና ወደ ላይኛው ፎቅ አመለከተችው።

ላይኛው ፎቅ ግድግዳው ላይ ቀጭኔና ዝሆን ተስሎበታል። ወንበሮቹ ከጉልበት በታች ናቸው። መምህሩ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ፣ በእናቶችና በልጆች መሐል አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠ። ከጎኑ የነበረች ጥርሰ ወላቃ ልጅ ጉንጩን ትኩር ብላ ስታየው ቆይታ የራሷን ጉንጭ ነፋችና አሳየችው። በመጨረሻ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ በራ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ሐኪም በሩን ከፍቶ ከመምህሩ ኋላ ሌላ ሰው ፈለገ። ወንበሮቹን ሁሉ በዓይኑ ዳሰሰ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀው። መምህሩ «አዎ» አለ። እናቶቹ ሳቁ።

ያኔ ነው የገባው። ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለጠጣው ወተት ሳይሆን ስለ ወተት ጥርስ ነበር። የታመመው ልጅዎ ነው? አዎ። ልጅዎ አብሮዎት አለ? አዎ። የወተት ጥርሱ ነው? አዎ፣ አዎ። ሐኪሙም አሁን ልጁ የት አለ ብሎ ሳይሆን አይቀርም የጠየቀው። መምህሩ «ይቅርታ» አለና ደረጃውን ወረደ። በሩ ጋ ሲደርስ «አመሰግናለሁ» ሊል ፈልጎ ለዘበኛው «ደህና አደሩ» ብሎት ወጣ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ሊሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ስልክ ያልቅ ነበር። ሚስቱ ብትደውል ኖሮ በሁለት ደቂቃ ቀጠሮ ትይዝለት ነበር። ጠዋት ጉንጩን አይታ «ልደውልልህ?» ብላውም ነበር። «ተዪው፣ ራሴ እችላለሁ» ብሏት ነው የወጣው።

መምህሩ በአገሩ ኮሌጅ አስተማሪ ነበር። እዚህ የመጣው የከርሰ ምድር ውሃ አጥንቶ ሦስተኛ ዲግሪውን ሊይዝ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመጽሐፍ በተማረው በሌላ የውጭ ቋንቋ ነው፤ ቤተ ሙከራውም፣ አማካሪ ፕሮፌሰሩም፣ የሚጽፈው ጽሑፍም በዚያው ቋንቋ ይሄዳል። የመንገዱ ቋንቋ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ግድ አልሰጠውም። «ሦስት ዓመት ምን አላት? ለሦስት ዓመት ብዬ ሌላ ምላስ አላበቅልም» ይል ነበር።

ሚስቱን እህቶቹ በሠርጉ ሳምንት «ጭምቷ» ብለው ሰየሟት፤ ከሽማግሌ ፊት ይቅርና ከእኩዮቿም ፊት ድምፅዋ አይሰማም ነበርና። ዐሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ልብስ ስፌት ተማረች፤ ሲያገባት የምትኮራበት ነገር ቢኖር የቀጥታ ስፌቷ ነበር። አብራው መጥታ ስድስት ወር ቤት ከዋለች በኋላ አንድ ልብስ ማስተካከያ ቤት ተቀጠረች። ያ ቤት ለሷ ትምህርት ቤት ሆነ። ዓመት ሳይሞላት ከዳቦ ሻጩ ጋር ትቀላለድ፣ ለማሞቂያ ጠጋኙ የት የት እንደሚያፈስ ታስረዳ፣ አከራዩን በስልክ ትገሥጽ ጀመር። ፖስታ ቤት ለእሽግ፣ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት፣ ቢሮ ለመኖሪያ ፈቃድ የምትሄደው እሷ ናት። እሱ አብሮ ሲሄድ ከኋላዋ ቆሞ ቦርሳዋን ይይዛል። ሰዎቹ ስለሱ ጉዳይ እሷን ነው የሚጠይቋት፤ አንዳንዴ በዓይናቸው ወደሱ ጠቆም አድርገው፣ እንደ ዕቃ።

መጀመሪያ ኮራባት። ከዚያ ኩራቱ እየሻገተ መጣ። በተለይ ሳቋ። አገር ቤት ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። እዚህ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የምትስቀው፤ የምትስቀውም በሌላ ቋንቋ ነው፤ የምትስቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአለቃዋ ጋር ነው። «አለቃዬ እንዲህ አለ፣ አለቃዬ እንዲያ አለ።» ራት ላይ ሦስተኛ ሰው የተቀመጠ እስኪመስለው ድረስ።

ባለፈው እሑድ ወጥ እያማሰለች ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበር። ትከሻዋና ጆሮዋ መሐል ወሽቃ አወራች፤ ሳቀች፤ እንደገና አወራች። ከዚያ ወደሱ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ይህን ማድረግ አልነበረባትም። ጮክ ብላ ብታወራም እሱ እንደሆነ አንዲት ቃል አይሰማ። ስትዘጋው «ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም፣ የሥራ ነገር ነው» አለችው።

ይህች «ምንም» እንደ አጥንት ስብርባሪ ጉሮሮው ላይ ቀረች። ቤተ ሙከራ ሆኖ የውሃ ናሙና ሲለካ፣ ፕሮፌሰሩ ሲያናግሩት፣ «ምንም» ትለዋለች። የጥርስ ሕመሙ የጀመረው በማግስቱ ነው። ሰው ላይ ጥርስ የነከሰ ሰው የገዛ ጥርሱን ቢያመው ምን ይገርማል።

ከጥርስ ሐኪም ቤቱ እስከ ልብስ ማስተካከያው አራት ፌርማታ ነው። በእግሩ ሄደ። አውቶብስ ቢሳፈር ተቆጣጣሪ ሊገባ ይችላል፤ ለዛሬ ደግሞ «አዎ» በቅቶታል። የሚነግራትን እያዘጋጀ ሄደ። አንድ ስልክ ደውዪልኝ ብሎ ቃሉን ማጠፍ እንዳይመስልበት፣ «በዚህ ሳልፍ ነው» ሊላት አሰበ። ሱቁ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ከመስኮቱ ፊት ተተከለ።

ጭምቷ ከሱቁ መሐል ቆማለች። እሱ የማያውቀው ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታለች። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሟል፤ አንድ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። መምህሩ ሰውየውን በአካል ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። በሐሳቡ አስረጅቶት፣ አጉብጦት፣ ራሰ በራ አድርጎት ነበር ያኖረው። የቆመው ግን ዕድሜው ከሱ ብዙም የማይበልጥ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ ሜትር አንገቱ ላይ ጣል ያደረገ ዘንካታ ሰው ነው። እስፒል በጥርሱ ይዟል። እስፒሉን እንደነከሰ የሆነ ነገር አጉተመተመ። እሷም አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ ጭንቅላቷ የሰውየውን ደረት ሊነካ ጣት ቀረው።

መምህሩ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«የሥራ ነገር ማለት ይሄ ነው?»

ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ከሚስቱ በቀር ቃሉን ያወቀ አልነበረም፤ ድምፁን ግን ሁሉም አወቁት። የቀና ወንድ ድምፅ አስተርጓሚ አያሻውም።

ጭምቷ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። «እስፒል ተሰክቶብኛል። እንዳትነካኝ፣ ይወጋኛል» አለችው በእርጋታ። ከዚያ በከንፈሯ ወደ አሮጊቷ ጠቆመች። «ካፖርቱ የሳቸው ነው። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው እጃቸውን ዘርግተው መለካት አይችሉም። ቁመታችን እኩል ስለሆነ እኔ ነኝ የምለካላቸው።»

ወደ አለቃዋ ዞራ አጠር ያለ ነገር ተናገረች። ሰውየው እስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ አስቀመጠ፤ ካፖርቱን በሁለት ጣቱ፣ ጨርቁን ብቻ እየነካ፣ አወለቀላት። ለመምህሩ ወንበር ሳበለት። ወደ ጓዳ ገብቶ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞለት መጣ። መምህሩ አልፈልግም ሊል እጁን አነሳ፤ ጉንጩ ግን ቀድሞት ተቀበለ። ሰውየው የራሱን ጉንጭ ይዞ ፊቱን እያኮሳተረ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ የሆነ ነገር አለው። መልካም ሰው ነበር። መምህሩን ከሁሉ ያበገነው ይሄ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር።

«ምን አልሽው?» አላት ሰውየው ዞር ሲል።

«ባሌ ነው፣ ጥርሱን አሞታል አልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ስልኳን አንስታ ሐኪም ቤቱ ደወለች። መምህሩ በረዶውን ይዞ ሲያዳምጥ አንድ ነገር ገረመው። ቃላቱን ባያውቅም ድምፁን ያውቀዋል። ትሑት ነው፣ ግን «አይቻልም» ቢሉት አይሰማም። እሱ ራሱ በአገሩ የኮሌጁን መዝገብ ቤት ሰዎች የሚያናግርበት ድምፅ ነው። ከየት አመጣችው? ለስንት ጊዜስ ቆማ ብትሰማው ነው እንዲህ አድርጋ የያዘችው?

ስምንት ሰዓት ላይ ሊያዩት ፈቀዱ። አለቃዋ ፈቀደላትና አብረው ሄዱ።

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ መምህሩን ስታይ ወዲያው አወቀችው። ለሚስቱ ጠዋት የሆነውን በእጇ ጭምር እያሳየች ተረከችላት፤ ከጉልበት በታች ያሉትን ወንበሮች፣ ልጅ የሚፈልገውን ሐኪም። ጭምቷ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ብትነክስም አልሆነላትም። «ልጅህን ይዘኸው መጣህ ወይ ትልሃለች» አለችው። መምህሩ አልሳቀም። ጋብቻቸው ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ልጅ የለም። ይህን እሷም ወዲያው አስታወሰችና ሳቋን ሰበሰበች።

ሐኪሟ ፈጣን እጅ ያላት አጭር ሴት ነበረች። ወንበሩ ላይ አጋድማ አፉን አስከፈተችው፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ያወሩ ጀመር። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ ሚስቱ ትመልሳለች። አንዳንዴ ለሱ ሳትተረጉም ትመልሳለች። መብራቱ ዓይኑን እየወጋው «ምን አለች?» ሊል ሞከረ፤ ከአፉ የወጣው ግን «አአ ኣአ?» ነው።

«መርፌ ይፈራል ወይ አለችኝ» አለች ጭምቷ። «አዎ፣ ይፈራል አልኳት።»

እውነት ነው፣ ይፈራል። ግን የተጠየቀው እሱ ነው። የገዛ ፍርሃቱን እንኳ ሌላ ሰው በማያውቀው ቋንቋ አሳልፎ ሰጠበት።

ሐኪሟ ጥርሱን አጽድታ መድኃኒት ሞላችበትና ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠረችው። ማደንዘዣው እስኪቀንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ኮሪደሩ ላይ እንዲቀመጥ አዘዘች። ተቀመጡ። ከፊታቸው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር። መምህሩ ግማሽ ከንፈሩ የሱ አይደለም፤ ምላሱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከብዶታል። አማርኛው ራሱ እየተኮላተፈበት ነበር፤ ሆኖም ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም።

«እሑድ ለት ምን ነበር ያለሽ?»

«እሑድ?»

«ስትስቂ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ ስታደርጊ።»

የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ሳበች፣ ወደ ታች ሳበች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እዚያ ቤታችን ሳለን፣ የኮሌጁ የውጭ አገር መምህራን ሲመጡ አስታወስክ? በመጽሐፉ ቋንቋ ነበር የምታወሩት። እኔ ሰሃን ይዤ እመጣለሁ፣ ሰሃን ይዤ እሄዳለሁ። እናንተ ትስቃላችሁ። ያቺ ፀጉረ አጭሯ ደግሞ ክንድህን መታ እያደረገች ነበር የምትስቀው።»

«እሷማ የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

«አውቃለሁ። ከሄዱ በኋላ ምን ብላ ነው እንዲህ ያሳቀችህ ብዬ ጠየቅሁህ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሁህ። 'ምንም፣ የሥራ ነገር ነው' አልከኝ።»

መምህሩ አላስታወሰም። አለማስታወሱ ከማስታወስ የከፋ እንደሆነ ግን ገባው።

«አምስት ዓመት ነው እንደዚያ የቆምኩት» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «ማታ ማታ ያቺን ሴትዮ አስባት ነበር። ስሟን በደንብ መጥራት አልችልም፤ ግን አስባት ነበር። እኔ የማላውቀውን የአንተን ቀልድ ታውቃለች። እኔ የማላውቀውን አንተን ታውቃለች።»

«ታዲያ ብድርሽን እየመለስሽ ነው?»

«አይ» አለች። ቀጠለችና፣ «መጀመሪያ ላይ፣ ትንሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ባንክ ቤት ሄደን አንተ ከኋላዬ ስትቆም። አልዋሽህም።»

አንዲት ነርስ ጎማ ያለው ጠረጴዛ እየገፋች አለፈች።

«ሰውየውስ?» አላት።

«ከሱ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል። ስሳሳት ይጠብቀኛል። ቃሉን ፈልጌ እስካመጣው ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። አያቋርጠኝም፣ አይጨርስልኝም።» ወደሱ ዞረች። «ሌላ ነገር የለም። ቢኖር ደግሞ መስታወት ባለው ሱቅ መሐል እጄን ዘርግቼ አልቆምም ነበር።»

መምህሩ የሷን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደጨረሰላት አሰበ። ከሽማግሌዎች ፊት፣ ከእናቱ ፊት፣ ከጎረቤት ፊት። ጭምት የሆነችው ተፈጥሮዋ ሆኖ ነው ወይስ ቦታ አጥታ? ቅናቱ ግን በዚህ አልለቀቀውም። እንዲያውም ሌላ በር ከፍቶ ገባ፤ አሁን የሚቀናው በሰውየው እጅ ሳይሆን በትዕግሥቱ ነበር።

«እሑድ የደወለልኝ ለምሳ ሊጠራን ነው» አለች። «የፊታችን እሑድ፣ ቤቱ። ሠራተኞቹ በሙሉ ከነባለቤቶቻቸው ይመጣሉ። እሱ ባልሽን ይዘሽው ነይ ሲል እኔ ቤተ ሙከራ ይገባል አልኩት።»

«እሑድ ቤተ ሙከራ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ዋሸሽ?»

«ባለፈው የክፍልህ ሰዎች የጠሩን ለት፣ በሩን ካለፍን ጀምሮ ፊትህ አልተፈታም። እነሱ በመንገዱ ቋንቋ ቢያወሩ ጊዜ እንደ ቋሚ እንጨት ተገትረህ ዋልክ። እኔ ደግሞ ከሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር ፊትህን እየሰረቅሁ አያለሁ። እሑድን እንደዚያ መዋል አልፈለግሁም። አንድ ቀን እንኳ ፊትህን ሳልጠብቅ ልብላ ብዬ ነው።»

ይህ ከመርፌው ይልቅ ወጋው፤ ማደንዘዣም አልነበረውም። «እኔ ባልሽ አይደለሁም?» የሚለው ምላሱ ጫፍ ደረሰና እዚያው በደነዘዘው ሥጋ ላይ ተኛ። ይህን ብሎ ምን ትመልሳለች? ነህ ትላለች። ከዚያስ?

ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ነርሷ መጥታ ጉንጩን ዳሰሰችና ሂዱ አለቻቸው። ከደጅ ፀሐይ ነበር። ፌርማታው ላይ እሷ ወደ ሥራዋ የሚወስደውን፣ እሱ ወደ ቤተ ሙከራው የሚወስደውን አውቶብስ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ።

«እሑድ እመጣለሁ» አለ በድንገት።

አየችው። ደስ ያላት አይመስልም፤ የከፋትም አይመስልም። «እንደ ባለፈው?» አለች።

«'ባሏ ነኝ' እንዴት ነው የሚባለው?»

ጭምቷን አንድ ጊዜ ሳቅ አፈናት። ከዚያ ነገረችው። ሦስት አጫጭር ድምፆች ናቸው። መምህሩ በግማሽ ከንፈሩ ደጋገማቸው፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ምራቅ ወረደበት፤ በመዳፏ ጠረገችለት። እሱ ግን በሐሳቡ የሰውየው በር ላይ ደርሶ ነበር። ዘንካታው ሰው በሩን ይከፍታል። እሱ «ባሏ ነኝ» ይላል። ሰውየውም ከአወቀው ሰነበተ፤ እሺ ግባ ይላል። ከዚያስ? ከዚያ ቋሚ እንጨት።

የሷ አውቶብስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

«ተዪው» አለ። «እሱን አንቺ ነግረሽዋል። 'ቀስ ብለህ አውራኝ' የሚለውን ስጪኝ።»

እሷ ነገረችው። ይሄ ረዘም ይላል፤ መሐሉ ላይ ጉሮሮን የሚያስቸግር ድምፅ አለው። አንዴ ሞከረ፣ ተበላሸበት። ልትጨርስለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችውና ዝም ብላ ጠበቀችው። አውቶብሱ ቆሞ በሩ ተከፈተ። መምህሩ ከኪሱ የሐሙሱን ቀጠሮ ወረቀት አወጣና ጀርባው ላይ፣ በአማርኛ ፊደል፣ ድምፁን አንድ በአንድ ጻፈው።

«ሂጂ» አላት። «ማታ እንደገና ትሰሚኛለሽ።»